በበረዶ ወቅት የሙቅ አገር አበባ፦ ስለ ዘርና ችግኝ ለጠየቃችሁን

ሰሞኑን ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፤ ውጭው በበረዶ ተሸፍኖ ሳለ የሙቅ አገር አበባን ቤት ውስጥ ከዘር ማብቀል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናል፣ የተመሳሰሉትንም አንድ ላይ አድርገናል። የሙቀት ልኬቱ በሙሉ በሴንቲግሬድ ነው።

ጥያቄ፦ የሂቢስከስ ዘር መስኮት ሥር ዘርቼ አምስት ሳምንት አለፈው። ቤቱ 21 ዲግሪ ነው፤ አፈሩንም አንድ ቀን አላደረቅኩትም። ዘሩ ሞቶ ይሆን?

መልስ፦ በዘሩ ላይ ከመፍረድዎ በፊት ቴርሞሜትር አፈሩ ውስጥ ሰክተው ያንብቡ። ግድግዳው ላይ 21 የሚለው እርስዎ ስለሚተነፍሱት አየር ነው። እርጥብ አፈር ውሃው በተነነ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ በላብ የራሰ ሸሚዝ ገላ ላይ እንደሚቀዘቅዘው ማለት ነው። ክዳን የሌለው ትሪ በዚህ ብቻ ከክፍሉ 2 ወይም 3 ዲግሪ ዝቅ ሊል ይችላል። ማታ መጋረጃው ሲዘጋ ደግሞ ትሪው በመጋረጃውና በመስታወቱ መካከል ይቀራል፤ ሰዉ ሞቆት ሲተኛ እሱ ከውጭው ብርድ ጋር ያድራል። ንጋት ላይ ሲለኩት 14 ወይም 15 ቢያገኙ አይገረሙ።

የሂቢስከስ ዘር የሚፈልገው ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ነው። በ15 ዲግሪ ውሃውን ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ሥር ለማውጣት ግን አቅም ያጣል። እንዲህ ሆኖ ሳምንታት ሲቆይ ብርድ የማይበግረው ሻጋታ ይቀድመዋል። ስለዚህ «አንድ ቀን አላደረቅኩትም» ያሉት ነገር በቀዝቃዛ አፈር ላይ ሲሆን ጥፋት እንጂ ጥንቃቄ አይደለም።

አንዱን ዘር በማንኪያ ጫፍ አውጥተው በሁለት ጣት ቀስ ብለው ይጫኑት። ጠጣር ከሆነ ተስፋ አለው፤ ወደ ሙቀት ይውሰዱት። ተጨፍልቆ ነጭ ፈሳሽ ካወጣና ከሸተተ ያ ዘር አልቋል፤ ሌሎቹንም በየተራ ይፈትሹ።

ሙቀቱን ከሥር ለመስጠት የሚሻለው የችግኝ ማሞቂያ ምንጣፍ ነው። 25 በ50 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ትሪ 20 ዋት ገደማ ይበቃል። ምንጣፉ ለብቻው አፈሩን ከክፍሉ ሙቀት ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፤ ምን ያህል እንደሚሆን ግን እንደ ክፍሉ ነውና ሙቀቱን እየለካ የሚያበራና የሚያጠፋው ቴርሞስታት ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መለኪያው ሽቦ የሚገባበት ቦታ ላይ ነው። ጫፉ ዘሩ ባለበት ጥልቀት፣ አፈሩ ውስጥ ተቀብሮ መቀመጥ አለበት። ከክዳኑ ሥር አየር ላይ ከተንጠለጠለ ወይም ትሪውን ስታነሱ ተነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ከወደቀ፣ ቴርሞስታቱ ቀዝቃዛ አየር እየለካ ምንጣፉን ያለማቋረጥ ያበራዋል፤ ዘሩ ይቀቀላል። ሽቦውን በፕላስተር ከትሪው ጠርዝ ጋር ማጣበቅ ከዚህ ያድናል። ከምንጣፉ ሥር 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ፎም ቢያነጥፉ ሙቀቱ ወደ ጠረጴዛው አይባክንም። ትሪውን የማሞቂያ ራዲያተር ላይ በቀጥታ ማስቀመጥን አንመክርም፤ ሲበራ ያቃጥላል፣ ሌሊት ሲጠፋ ያቀዘቅዛል።

ጥያቄ፦ የካና ዘር ገዛሁ፤ ጥቁር፣ ክብ፣ እንደ ጠጠር የጠነከረ ነው። ሁለት ቀን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌው ምንም አልሆነም።

መልስ፦ አይሆንም። የካና ዘር ሽፋን ውሃ አያስገባም፤ ሁለት ወርም ቢዘፈዘፍ ያው ነው። በአርጀንቲና ከመቃብር በተገኘ፣ ሲነቀንቁት በሚሽከሸክ ዕቃ ውስጥ የነበረ፣ ዕድሜው ወደ 600 ዓመት የሚጠጋ የካና ዘር መብቀሉ ተዘግቧል፤ ያን ያህል ዘመን ያቆየው ይኸው ሽፋን ነው። እርስዎ ግን 600 ዓመት መጠበቅ ስለማይችሉ ሽፋኑን ይሙረዱት።

ዘሩን በጣት ይዞ መሞረድ ጥፍር ያስከፍላል። በፒንሳ ይያዙትና ደቃቅ ሞረድ ወይም ብርጭቆ ወረቀት ላይ አንዱን ጎን ብቻ ወዲያና ወዲህ ያሹት። መጀመሪያ ያንሸራትታል፤ ከዚያ ጥቁሩ ይለቅና ቡናማ ይወጣል፤ ትንሽ ሲቀጥሉ ነጭ ነጥብ ብቅ ትላለች። እዚያ ላይ ያቁሙ። ነጩ የዘሩ ስንቅ ነው፤ ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር እሱን እየሞረዱ ነው። ዘሩ ላይ ትንሽ ጠባሳ የመሰለች ነጥብ ካለች ሥሩ የሚወጣው በዚያ በኩል ስለሆነ ከእሷ ራቅ ብለው ይሙረዱ። ከዚያ ለብ ባለ ውሃ 24 ሰዓት ይዘፍዝፉት። በትክክል የተሞረደ ዘር በማግስቱ በግልጽ አብጦ ይታያል፤ መጠኑ ያልተለወጠውን መልሰው ይሙረዱ። በ2 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በ24 ዲግሪ አፈር ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይበቅላል።

ይህ ዘዴ ግን ለሁሉም አይደለም። ሌሊት ለምታብበው የጨረቃ አበባ ሐረግ በጥፍር መቁረጫ ጫፉን ነካ ማድረግና አንድ ሌሊት መዘፍዘፍ ይበቃል። ስትሬሊዚያ (የገነት ወፍ የሚባለው አበባ) ዘሩ ላይ ብርቱካንማ ጸጉር አለው፤ እሱን በጣት ነቅለው፣ ሽፋኑን በብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ፈግፍገው፣ ውሃውን በየቀኑ እየቀየሩ ሁለት ቀን ይዘፍዝፉ። ከዚያም ከአንድ እስከ ሦስት ወር በ25 ዲግሪ መጠበቅ ነው፤ አንዳንዱ ከዚያም ይዘገያል። ብሩግማንሲያ (አበባው መለከት የሚመስለው) ደግሞ ቡሽ የመሰለ ወፍራም ልባስ አለው። አንድ ቀን ተዘፍዝፎ ሲለሰልስ በጣት ይላጣል፤ የተላጠው ካልተላጠው ፈጥኖ ይወጣል። ይህ ተክል ከዘሩ እስከ አበባው መርዛማ ነውና ሲጨርሱ እጅዎን ይታጠቡ፤ የዘፈዘፉበትንም ብርጭቆ ለመጠጥ አይመልሱት።

ጥያቄ፦ የፕሉሜሪያ (ፍራንጂፓኒ) ዘር ክንፍ አለው። የቱ ነው ወደ ላይ? ባለፈው ከበቀሉት አራቱ ደግሞ የዘሩን ሽፋን አናታቸው ላይ እንደተሸከሙ ደርቀዋል።

መልስ፦ ክንፉ ወደ ላይ፣ ወፍራሙ ጫፍ ወደ ታች ነው። ለብ ባለ ውሃ ከ4 እስከ 12 ሰዓት ከዘፈዘፉ በኋላ ወፍራሙን ክፍል አፈሩ ውስጥ ሰክተው ክንፉ ብቻ ከላይ ብቅ እንዲል ያድርጉ። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው አፈር አንድ ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፤ ሁለት ሳምንትም ቢቆይ አይደንግጡ።

ቆቡን ያላወለቀ ችግኝ ያጋጠመዎት ከማሞቂያው የተነሳ በደረቀው የቤት አየር ምክንያት ነው። ሽፋኑ አፈር ውስጥ ሳለ ለስላሳ ነበር፤ ችግኙ ተሸክሞት ሲወጣ አየር ላይ ደርቆ ቅጠሎቹን ጭምቅ አድርጎ ይይዛቸዋል። ጥልቀት የሌለው አዘራርም ያባብሰዋል፤ ዘሩ ሲወጣ የሚፈገፍገው አፈር ካጣ ቆቡን የሚያወልቅለት የለም። ሲያጋጥምዎ በደረቁ አይጎትቱት። በቀለም ብሩሽ ጫፍ አንድ ጠብታ ውሃ ቆቡ ላይ ያሳርፉ፤ ትሪውን ከድነው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ይጠብቁ፤ ከዚያ በአንድ እጅ ግንዱን ደግፈው በወረንጦ ጫፍ ቆቡን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ገለጥ ያድርጉት። እምቢ ካለ እንደገና አርጥበው ለነገ ያሳድሩት። ተገዶ የወጣ ቆብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከነቅጠሉ ነው፤ መካከል ላይ ያለችው የእድገት ጫፍም ከተቆረጠች ችግኙ አለቀለት።

ከዘር የበቀለ ፕሉሜሪያ ለማበብ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ አበባውም የእናቱን ቀለም ላይወስድ ይችላል። የወደዱትን ቀለም እንዳለ ማግኘት ከፈለጉ መንገዱ ቅርንጫፍ መትከል ነው።

ጥያቄ፦ ዘንድሮ ዘርቼ ዘንድሮ የሚያብብልኝ የትኛው ነው? መቼስ ልዝራ?

መልስ፦ በአካባቢዎ የመጨረሻው ውርጭ ከሚጠበቅበት ቀን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ቤጎኒያ ከ14 እስከ 16 ሳምንት ቀድሞ መዘራት አለበት፤ ዘሩ ደቃቅ ስለሆነ ጅምሩ ቀርፋፋ ነው። ካና ከ10 እስከ 12፣ ኢምፔሸንስ 10፣ ጥቁር ዓይን ያላት ቱንበርጂያ ከ6 እስከ 8 ሳምንት። የጨረቃ አበባ ከ6 ሳምንት በላይ ቀድሞ ቢዘራ ሐረጉ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ሲለያዩት ይሰበራል። እነዚህ ሁሉ በዚያው በጋ ያብባሉ።

አዴኒየም (የበረሃ ጽጌረዳ የሚባለው) ጥሩ ብርሃን ካገኘ ከአንድ ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ አበባ ሊያሳይ ይችላል። ሂቢስከስም ከዚያ አይርቅም። ስትሬሊዚያ ግን ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። ለጀማሪ የእኛ ምርጫ ካና ነው፤ ዘሩ ትልቅ ነው፣ ችግኙ ጠንካራ ነው፣ ስህተትም ይችላል። ቤጎኒያን ለሁለተኛው ዓመት ያቆዩት።

ጥያቄ፦ የቤጎኒያ ዘር ፓኬቱን ስከፍተው አቧራ ነው። እንዴት ይዘራል? በልባስ ተሸፍኖ ተለቅ ያለው፣ የተለበጠ የሚባለውስ ይሻላል?

መልስ፦ በአንድ ግራም ውስጥ ከ50,000 በላይ ዘር አለ፤ አጠገቡ አያስነጥሱ። መጀመሪያ አፈሩን በሙቅ ውሃ አርሰው፣ አጠንፍፈው፣ እንዲቀዘቅዝ ይተዉት፤ ከተዘራ በኋላ ከላይ ውሃ ማፍሰስ ዘሩን ሁሉ ወደ አንድ ጥግ ያግዘዋልና። ዘሩን ከአንድ የሻይ ማንኪያ ደረቅና ደቃቅ አሸዋ ጋር ያደባልቁ፤ ወረቀት እጥፍ አድርገው በእጥፋቱ ላይ ያፍስሱት፣ ወረቀቱንም በጣት እየመቱ በትሪው ላይ ያዙሩ። አሸዋው ነጣ ስለሚል የት እንደዘሩ ይታያል። አፈር አያልብሱት፤ የቤጎኒያ ዘር ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋል። ግልጽ ክዳን ከድነው በ22 እና በ25 ዲግሪ መካከል ከመብራት ሥር ያኑሩት። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ውስጥ አፈሩ ላይ አረንጓዴ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል። ያ ዱቄት ችግኝዎ ነው፤ የውሃ ሽበት መስሎት የጠረገው ሰው ጥቂት አይደለም።

የተለበጠው ዘር አንድ በአንድ በስቴኪኒ ጫፍ ስለሚቀመጥ ይቀላል። አንድ ጣጣ አለው። ልባሱ መጀመሪያ በደንብ ረጥቦ መሟሟት አለበት። ግማሹ ረጥቦ መልሶ ከደረቀ እንደ ሸክላ ጠንክሮ ዘሩን ውስጡ ይቀብረዋል። እንደዘሩ ወዲያው በመርጫ ያርጥቡትና እስኪበቅል ክዳኑን አያንሱ።

ጥያቄ፦ በደንብ የበቀሉ ችግኞች በአንድ ሌሊት ወደቁ። ግንዳቸው ሥር ላይ ክር መስሏል። ቀረፋ ነስንሺ ተብዬ ነሰነስኩ፤ በማግስቱ ሌሎችም ወደቁ።

መልስ፦ ይህ የችግኝ ግንድ ብስባሴ ነው። የሚያመጡት ፒቲየም፣ ሪዞክቶኒያና ፉዛሪየም የሚባሉ የአፈር ተሐዋስያን ናቸው። ምልክቱን በትክክል አይተውታል፦ ቅጠሉ ገና አረንጓዴ እንደሆነ፣ ግንዱ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ውሃ እንደነካው ወረቀት ይሳሳና ይታጠፋል። በውሃ ጥም የጠወለገ ችግኝ ግን አናቱን ይደፋል እንጂ ሥሩ ላይ አይቀጥንም፤ ሁለቱን አምታቶ በበሽታ የሚወድቀውን ትሪ ውሃ ማጠጣት ለበሽታው ድግስ መደገስ ነው።

የወደቀው አይድንም። ቀረፋም የተያዘ ችግኝ አያድንም። ለቀሩት ሲባል የወደቁትን በዙሪያቸው ካለው 2 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር በማንኪያ ዝቀው ወደ ቆሻሻ ይጣሉ። ክዳኑን ያንሱ፤ አፈሩ ገጽ ላይ እስኪነጣ ውሃ ያቁሙ፤ ትንሽ ማራገቢያ በዝቅተኛ ፍጥነት ግድግዳው ላይ አቅጣጫ አስይዘው ተመልሶ የሚመጣው አየር ችግኞቹን ነካ ነካ እንዲያደርግ ያድርጉ። ቀጥታ ከነፈሰባቸው ያደርቃቸዋል።

ለሚቀጥለው ዙር ከዚህ ይጀምሩ። ያለፈውን ዓመት ትሪ አፈሩን አራግፎ ማጠብ አይበቃም፤ በሳሙና ታጥቦ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በተበረዘበት ውስጥ 10 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ከዚያ በንጹህ ውሃ ይለቅለቅ። የጓሮ አፈር ቤት ውስጥ ለዘር አይሆንም፤ ከባድ ነው፣ ተሐዋሲውም አብሮት ይገባል። አንድ እጅ ኮኮ ፒት (የተፈጨ የኮኮናት ልጣጭ) ወይም ፒት (ከረግረግ የሚወጣ የበሰበሰ ዕፅዋት) ከአንድ እጅ ፐርላይት (ቀላል ነጭ የድንጋይ ቅንጣት) ጋር አደባልቁ። ኮኮ ፒቱ ጨው ሊኖረው ስለሚችል በንጹህ ውሃ ሁለት ጊዜ አጥበው ይጭመቁት። ለአዴኒየም ፐርላይቱን ወደ ሁለት እጅ ያሳድጉ፤ ወፍራም ግንዱ እርጥበት ሲበዛበት ከሥሩ ይበሰብሳል።

ውሃ ከሥር ይስጡ። ትሪውን ሰፋ ባለ ሳህን ላይ አስቀምጠው ለብ ያለ ውሃ ጣት ያህል ያፍስሱ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ የአፈሩ ገጽ ሲጠቁር የተረፈውን ይድፉ። ደግሞ መቼ እንደሚያጠጡ ለማወቅ ከጣት ይልቅ ክብደት ይሻላል፤ ትሪውን ውሃ እንደጠጣ አንድ ጊዜ፣ ገጹ ሲነጣ ሌላ ጊዜ አንስተው ልዩነቱን እጅዎ ይልመደው። ከላይ ደቃቅ ቨርሚኩላይት (በሙቀት የተነፋ ቀላል የማዕድን ቅንጣት) ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ቢያለብሱ የግንዱ አንገት ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ ብርሃን ፈላጊ ዘሮች ላይ ግን አይሆንም። ክዳኑንም ሁሉም እስኪበቅል አይጠብቁ፤ ግማሹ ሲወጣ መክፈት ይጀምሩና በሦስት ቀን ውስጥ ፈጽመው ያንሱት። የዘገዩትን ለማብቀል ሲሉ የበቀሉትን ማፈን የብዙ ትሪዎች መጥፊያ ነው። ቶሎና ዘግይቶ የሚበቅሉ ዓይነቶችን አንድ ትሪ ላይ አለመዝራት ደግሞ ከነጭራሹ ይህን ጭንቀት ያስቀራል።

ጥያቄ፦ ችግኞቼ ወደ መስኮቱ ተንጋደው እንደ ክር ተመዘዋል። መስኮቱ ወደ ደቡብ ነው፤ ፀሐይም ይገባል። ምን ጎደለ?

መልስ፦ ሰዓት ጎደለ። በ52 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ በዲሴምበር መጨረሻ ቀኑ 8 ሰዓት አይሞላም፤ በ60 ዲግሪ ደግሞ 6 ሰዓት ገደማ ነው፤ ያውም ደመና ሲኖር ብርሃኑ የለም ማለት ይቻላል። የሙቅ አገር ተክል ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት የሚጠጋ ብርሃን የለመደ ነው። እርስዎ ደግሞ ከሥር በ27 ዲግሪ እያሞቁት ነው። ሙቀት እድገቱን ሲገፋው፣ ብርሃን ሲያጣ፣ ችግኙ ያለውን ስንቅ ሁሉ ግንድ በማስረዘም ላይ ያጠፋዋል።

እንግዲህ ሁለት ነገር ይቀይሩ። አብዛኛው ዘር እንደበቀለ የምንጣፉን ሙቀት ይቀንሱ፤ ለሂቢስከስ፣ ለካናና ለቤጎኒያ ከ20 እስከ 22 ዲግሪ ይበቃል። ፕሉሜሪያና አዴኒየም ብቻ ከ24 በታች ባይወርዱ ይመረጣል። ከዚያ ነጭ የኤልኢዲ መብራት ይስቀሉ። ለአንድ 25 በ50 ትሪ ከሶኬት የሚስበው ትክክለኛ ፍጆታ 20 ዋት ገደማ ይሁን። ሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው «ከዚህን ያህል ዋት አምፖል ጋር እኩል» የሚለው ቁጥር ስለማይጠቅም ይለፉት። ከቅጠሉ ጫፍ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ፣ በታይመር ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይብራ። ሃያ አራት ሰዓት ማብራት አያስፈልግም። ችግኙ ባደገ ቁጥር መብራቱም ከፍ ይበል። ቅጠሉ ወደ ላይ እንደ ማንኪያ ከተቆለመመ ወይም ከገረጣ 5 ሴንቲ ሜትር ያርቁት፤ በሁለት ቅጠሎች መካከል ያለው ግንድ ከረዘመ ያቅርቡት።

አሁን የተመዘዙትን እንደ ቲማቲም አንገታቸው ድረስ አይቅበሯቸው፤ አብዛኞቹ እነዚህ አበቦች ግንዳቸው አፈር ውስጥ ይበሰብሳል። በስቴኪኒ ደግፈው ብርሃኑን ያስተካክሉላቸው። አዲስ የሚወጣው አጭርና ወፍራም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ከአፈሩ ትንንሽ ጥቁር ትንኞች ይነሳሉ። ችግኝ ይጎዳሉ?

መልስ፦ የሚበርሩት አይጎዱም፤ ልጆቻቸው ይጎዳሉ። አፈሩ ውስጥ ያለው ጥቁር ራስ ያለው ነጭ እጭ ሻጋታ እየበላ ይኖርና አጋጣሚውን ሲያገኝ ለስላሳውን ሥር ይበላል። ቢጫ ማጣበቂያ ወረቀት የሚይዘው አዋቂዎቹን ብቻ ስለሆነ ብዛታቸውን ለመለካት እንጂ ለማጥፋት አይበቃም። የአፈሩ የላይኛው 1 ሴንቲ ሜትር በየውሃው መካከል ይድረቅ። እጩን የሚገድለውን፣ ቢቲአይ የተባለውን ባክቴሪያ የያዘ ምርት በመለያው መጠን ከማጠጫ ውሃ ጋር በየሳምንቱ፣ ቢያንስ ለአራት ሳምንት ይስጡ። አንድ ጊዜ ሰጥቶ ማቆም ጥቅም የለውም፤ በዚያን ቀን እንቁላል ወይም ሙሽሬ የነበረው ሳይነካ ያልፋልና።

ጥያቄ፦ ችግኞቹ ሁለት ቅጠል አውጥተው ቆሙ፤ ቅጠላቸውም ቢጫ እየሆነ ነው። ማዳበሪያ ልስጥ?

መልስ፦ መጀመሪያ የወጡት ሁለቱ የዘሩ ክኮች ከሆኑና እነሱ ብቻ ቢጫ ከሆኑ ሥራቸውን ጨርሰው ነው፤ ይተዋቸው። እውነተኛ ቅጠል ከወጣ በኋላ ግን ኮኮ ፒትና ፐርላይት ውስጥ የሚበላ ነገር ስለሌለ ማዳበሪያ ግድ ይሆናል። በውሃ የሚሟሟ 20-20-20 ማዳበሪያ (ከመቶ 20 እጁ ናይትሮጅን የሆነ) ካለዎት 1 ግራም በ4 ሊትር ውሃ ይበቃል፤ ይህ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ናይትሮጅን ይሆናል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ አፈሩ ትንሽ እርጥብ እያለ ይስጡ፤ በደረቀ ሥር ላይ ማዳበሪያ ያቃጥላል። ሦስት ወይም አራት እውነተኛ ቅጠል ሲኖራቸው ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ዕቃ ያዛውሯቸው። ሲያነሱ በቅጠል ይያዙ እንጂ በግንድ አይያዙ፤ የተቀደደ ቅጠል ይተካል፣ የተጨፈለቀ ግንድ ግን አይተካም። በአንድ ጊዜ ወደ ትልቅ ዕቃ ማሻገርም ስህተት ነው፤ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውሃ ይዞ ይቀመጥና ይጎመዝዛል።

ጥያቄ፦ ከበላሁት ፓሽን ፍሩት ዘር ማብቀል እችላለሁ?

መልስ፦ ይቻላል፤ ትኩስ መሆኑ ያግዘዋል። ፍሬውን ከነዝልግልጉ ብርጭቆ ውስጥ ጥቂት ውሃ ጨምረው ሁለት ሦስት ቀን እንዲቦካ ይተዉት፤ ከዚያ በወንፊት ላይ እያሹ ይጠቡና ሳይደርቅ በ1 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይዝሩት። በ25 ዲግሪ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ይወጣል። ደርቆ የቆየው ወራት ሊፈጅ ይችላል፤ ትሪውን ቶሎ አይድፉ።

ጥያቄ፦ የኦርኪድ ዘርስ?

መልስ፦ በአፈር ትሪ አይሞክሩት። የኦርኪድ ዘር ስንቅ የለውም፤ በዱር የሚመግበው ከአንድ ፈንገስ ጋር ያለው ቁርኝት ነው። አሜሪካዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሉዊስ ክነድሰን እ.ኤ.አ. በ1922 ስኳር ባለበት «አጋር» (ከባሕር አረም የሚሠራ ዝልግልግ) ላይ ያለ ፈንገስ ማብቀል እንደሚቻል አሳየ፤ ዛሬም የሚሠራው በዚሁ መንገድ፣ ከጀርም በጸዳ ብልቃጥ ውስጥ ነው። ያ የላቦራቶሪ ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ መቼ ነው ወደ ውጭ የማወጣቸው?

መልስ፦ የሌሊቱ ሙቀት ተከታትሎ ከ12 ዲግሪ በላይ ሲሆን። ያኔም በአንድ ጊዜ አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ነፋስ በማይመታው ጥላ ሥር 1 ሰዓት፣ በየቀኑ አንድ ሁለት ሰዓት እየጨመሩ በ10 ቀን ውስጥ ወደ ሙሉ ቀን ያድርሱት። በመብራት ሥር ያደገ ቅጠል የቀትር ፀሐይን አያውቃትም፤ በአንድ ከሰዓት ወረቀት መስሎ ይነጣል። አንዴ የነጣ ቦታ ተመልሶ አረንጓዴ አይሆንም፤ አዲስ ቅጠል እስኪተካው ይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ሰማያዊ ስትሬሊዚያ የሚል ዘር በኢንተርኔት አዘዝኩ። የመጣው ጥቁር ዘር ነው፤ ብርቱካንማ ጸጉር የለውም። ልዝራው?

መልስ፦ አበባው በሙሉ ሰማያዊ የሆነ ስትሬሊዚያ የለም፤ ፎቶው በኮምፒዩተር የተቀባ ነው። ጸጉሩ መታጣቱ ብቻ ግን ዘሩን ሐሰተኛ አያደርገውም፤ ብዙ ሻጮች ነቅለው ይልካሉ። ዘሩ አተር ያክላል ወይ? ጠንካራና ጥቁር ነው ወይ? ከሆነ ስትሬሊዚያ ሊሆን ይችላልና ፈግፍገው፣ ዘፍዝፈው ይዝሩት፤ ሲያብብም ብርቱካንማና ሰማያዊ የተቀላቀለበትን የተለመደውን አበባ ይጠብቁ። ከሰናፍጭ ፍሬ የማይበልጥ ከሆነ ግን የሌላ ተክል ዘር ነው፤ የማሞቂያ ቦታዎን አያስይዙት።